የፓይ ሊጥና የራስ ቅቤ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አያ ገብሬ ያዩት ፊቴን ሳይሆን ክንዴን ነው። «እጅጌህን ሰብስብ» አሉኝ፤ ሰበሰብኩ። ጨበጥ ጨበጥ አድርገው ሞከሩኝና «ታቦካለህ» ብለው ወደ ገበታው መሩኝ። ከየት እንደመጣሁ እንኳ ሳይጠይቁኝ እስከ ክርኔ ድረስ ሊጥ ውስጥ ገባሁ። ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ቦታው ሰቆጣ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ያለችው ፉርኖ ቤት። የመጣሁት ከዚያው አውራጃ፣ ከቆላው ዝቋላ ነበር፤ ማሽላ ሲያርምና ሲወቃ የኖረ ክንድ ለአቡኪነት አያንስም።

ለማያውቅ ልንገር፤ ፉርኖ ቤት ማዕረግ አለው። ከታች እሳት አንዳጁ ነው። እንጨት ይፈልጣል፣ ምድጃውን ያግላል፣ አመድ ይጠርጋል። ቀጥሎ አቡኪ። ከአቡኪ በላይ ሊጡን እየመዘነ የሚቆርጠው ቆራጭ። ከሁሉ በላይ ጋጋሪው ነው፤ ዳቦ ማስገቢያውንና ማውጫውን ረጅም የእንጨት አካፋ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። የእኛ ጋጋሪ ራሳቸው አያ ገብሬ ነበሩ። አካፋቸውን ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ ያየ አልነበረም።

አያ ገብሬ በወጣትነታቸው አስመራ ኬክ ቤት ሠርተዋል። ከዚያ ይዘውት የመጡት ነጭ ቆብና ሰውን ሁሉ «ሓወይ» ማለትን ነው፤ በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው። ሲቆጡም ሓወይ፣ ሲደሰቱም ሓወይ። የትኛው እንደሆነ የምንለየው በአጠራሩ ርዝመት ነበር። ከረዘመ ዳቦው አሯል ማለት ነው።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ሙሉ የምትባል ልጅ አየሁ። በየጠዋቱ ዳቦ ልትወስድ ትመጣለች፤ የሰጧትን አትቀበልም፣ ከትሪው ላይ ራሷ አገላብጣ ነው የምትመርጥ። እኔም ያቦካሁትን ሊጥ እንዲህ የሚመረምር ሰው በማግኘቴ ልቤ ጠፋ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዬ አባ ፈንታ ተመላልሰው ተመላልሰው በመጨረሻ እሺ አስባሉልኝ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ይቺን ልጅ ማግኘቴን ራሴም በደንብ አላመንኩም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ሥራ መጣብኝ፤ ከአማቴ መሸሽ። በእኛ አገር የታጨ ወንድ የእጮኛውን እናት ፊት ለፊት አያይም። መንገድ ላይ ካገኛት ይታጠፋል፣ መታጠፊያ ካጣ ጋቢውን ይከናነባል። የሙሉ እናት እማ ስንዱ ደግሞ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ከቅቤ ተራ ራስጌ ተቀምጠው ገበያውን ሁሉ ያያሉ። ስለዚህ በገበያ ቀን በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

እንዲህ ሳለን መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ከከተማው ወጣ ብለው ሰፈሩ። አንድ ቀን ኢንጂነራቸው ከአስተርጓሚው ጋር ዳቦ ሊገዛ መጣና ፓይ እንሠራ እንደሆን ጠየቀ።

«ፓይ?» አሉ አያ ገብሬ ቆባቸውን አቃንተው። «ተኝቼም እሠራዋለሁ በለው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እንድናደርስ ተስማሙ። ሰውየው እንደሄደ አያ ገብሬ ወደ እኔ ዞረው «የረሳሁት ትንሽ ነገር ነው፤ ስንሠራው ይመጣልኛል» አሉ።

ድስቱ፣ ማለት መጋገሪያው፣ አላስቸገረንም። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ቆርጦ ዝቅ ያለ ክብ ትሪ አደረገልን። ለውስጡ ዱባ በማር ቀቀልን፤ ማር በእኛ አገር ሞልቷል። ችግሩ ሊጡ ነበር። «ቅቤ አምጣ» አሉኝ፤ ከሚስታቸው ጓዳ ማሰሮውን ይዤ መጣሁ። ለምግብ የሚሆን ቅቤ ሌላ ምን አለ? ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ነው። በዱቄት ለወስኩት፣ እንደ ለመድኩትም ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አሸሁት። ኢንጂነሩ ቀምሶ በአስተርጓሚው በኩል የምን ወጥ እንዳለበት ጠየቀ። ያኔ አያ ገብሬ ግንባራቸውን መቱ። የአስመራው ቅቤ ነጭ ነበር፤ ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልነካው።

ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ በሰቆጣ አለ። ግን የሚበላ አይደለም፤ ሴቶች ራሳቸውን የሚቀቡት ነው። «እሱን ግዛ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ሁዳዴ ገባ። አያ ገብሬ የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ፤ መብላት እንጂ ለማይፆም ሰው መሥራት አይከለከልም አሏቸው። ቢሆንም የፆሙ ዳቦ እንዳይነካካ ብለው ለፓይ የተለየ ሳንቃ፣ የተለየ ቢላዋ፣ የተለየ ጥግ ሰጡኝ። እኔም በየገበያው ቀን ወደ ቅቤ ተራ መሄድ ጀመርኩ። እማ ስንዱ ከራስጌ ስላሉ በግርጌ በኩል፣ በፍየል ተራ ዞሬ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እገባለሁ። ከፃግብጂ ከምትመጣ ሴትዮ ለጋ ቅቤ ገዝቼ፣ በጋቢዬ ሥር ሸጉጬ እወጣለሁ። ጨዋነቴን ራሴ አደንቅ ነበር።

ሊጡ ግን እምቢ አለኝ። አቡኪ ሊጥ ሲያይ እጁ አያርፍም፤ የፓይ ሊጥ ደግሞ ካሹት ይደድራል። አያ ገብሬ «አትሽ፣ ዝም ብለህ አገናኘው» ይሉኛል። አገናኘዋለሁ ብዬ እጀምርና ሳላውቀው እያሸሁ እገኛለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መቅመስ አለመቻላችን ነው። ፆመኛ ቅቤ የገባበትን አይቀምስም። ስለዚህ በዓይንና በጆሮ ነበር የምንፈርደው፤ ሲሰበር ኮሽ ካለ መልካም፣ እንደ ጫማ ቆዳ ከተጎተተ ጥፋት።

የቀማሹን ችግር የፈታው ጎረቤታችን ሰይድ ልብስ ሰፊው ነው። ሙስሊም ስለሆነ ሁዳዴ አይመለከተውም። ቁራሽ ስናቀብለው የሲንጀሩን መርገጫ ያቆምና ያላምጣል። አንድ ጊዜ «ይቺን ብሰፋት ይሻላል» ብሎ መለሰልን። ቢሆንም ለሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ነበር የሚያስታውሰን።

ፆሙ ሲጋመስ ሙሉ ዳቦ መውሰድ ተወች። በእሷ ፈንታ የጎረቤት ልጅ መጣች፤ ዳቦውንም ሳትመርጥ ይዛ ሄደች። አሟት ይሆናል አልኩ። ወዲያው አባ ፈንታ ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ያ ቅቤ ለማን ነው?»

«የቱ ቅቤ አባ?»

«በፍየል ተራ እየዞርክ፣ ተከናንበህ የምትገዛው የራስ ቅቤ። አማትህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ሲያዩህ ነው የከረሙት። የማንን ጠጉር ነው የምትቀባ?»

«ኧረ ለሊጥ ነው።»

«የራስ ቅቤ፣ ለሊጥ?»

«አዎ።»

«በሁዳዴ?»

አባ ፈንታም ከዘራቸውን ተመርኩዘው አዩኝ። «እንግዲህ የትኛውን ይዤ ልሂድላቸው? ሌላ ሴት አለው ልበል ወይስ ፆም ይገድፋል?»

አያ ገብሬ ከምድጃው ሳይዞሩ «ሴት ብትል ይሻልሃል ሓወይ፤ ንስሐው ይቀላል» አሉ። እሳት አንዳጁ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሙሉን ላጣት ነው፤ ያውም ምንም ሳላጠፋ፣ ሰው አከበርኩ ብዬ። አባ ፈንታም የማስታረቂያ ቃል ሳይሰጡኝ ወጡ። በዚያን ቀን ያቦካሁት ዳቦ ላይ ጨው እጥፍ አድርጌ ከተማው ሁሉ ውሃ ሲጠጣ ዋለ።

ሰይድ በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። ማንም ሳይልከው ሜትሩን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ እማ ስንዱ ቤት ሄደ። በኋላ እንደነገረኝ ያላቸው ይህንን ነው፤ «እማ ስንዱ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ሲቀምሱ አላየሁም። የበላሁት እኔ ነኝ። ሴት አለው ካሉም ያቺ ሴት እኔ መሆኔ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት እማ ስንዱ ራሳቸው መጡ። በጉሎ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳያንኳኩ ገቡ። ደንግጬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ዙር» አሉኝ። «ፆሙን ሙሉ ያየሁት ጀርባህን ነው፤ ይበቃኛል።»

ዞርኩ። ዓይኔን ግን ከመሬት አላነሳሁም። ከዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጡና ቅጠሉን ፈቱት። «በል፣ ለሊጥ ነው ያልከውን በፊቴ ሥራ። ልጄን የምሰጠው ለሚዋሽ ሰው አይደለም።»

ዱቄቱን በሳንቃው ላይ ቆለልኩ። ቅቤውን በሁለት ቢላዋ ከተፍ ከተፍ አድርጌ በጣቴ መፈልፈል ያዝኩ። እፍረቱ እጄን ነበልባል አደረገው መሰል፣ ቅቤው እንደነካሁት ይቀልጣል። እማ ስንዱ በእኔም አገር በሚነገረው በኽምጥኛ ለራሳቸው አጉረመረሙ። የዝቋላ ልጅ መሆኔን ዘንግተውት ነው እንጂ ሰማሁ፤ «ይሄ እጅ ወተት ያፈላል» ነው ያሉት።

ትንሽ ታገሱና አላስቻላቸውም። ተነሥተው እጃቸውን ጥላ ሥር ካደረው እንስራ ውሃ ውስጥ ነክረው አወጡ። «ቅቤ በሙቅ እጅ አይነካም። እኛ ስናድበለብለው እጃችንን ውሃ እያስነካን ነው። አንተ ደግሞ ይዘህ ታሞቀዋለህ። ንከር፣ አራግፍ፣ ቶሎ ነክተህ ልቀቅ።» እንዳሉኝ አደረግሁ። ዱቄቱና ቅቤው ቅንጬ እየመሰለ መጣ። ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጌበት ተሰበሰበ። ላሸው ስል እጄን መታ አደረጉኝ። «ይበቃዋል። ምን በደለህ?»

በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አሳረፍነው፤ በቢራ ጠርሙስ ዳመጥኩት፤ ትሪው ላይ አንጥፌ ዱባውን ሞላሁበት። አያ ገብሬ ጋገሩት። ሲወጣ እማ ስንዱ ከዳሩ ቆረሱና ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሰበሩት። ኮሽ አለና ንብርብሩ ተፈረካከሰ። ሰይድን ጠሩት። በላ፣ ሳይጠየቅም ሁለተኛ ቁራሽ አነሣ።

ሲወጡ ከደጃፉ ቆም አሉ። «ለመሆኑ ከእኔ መግዛት ምን ከለከለህ?»

«አፍሬዎት ነው።»

«ማፈርህስ ደግ ነው። ግን ሰው መላክ አቅቶህ ነው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። በነጋታው ሙሉ መጣች። ከትሪው ላይ ዳቦ አገላብጣ ስትመርጥ ደስታዬን የምደብቅበት ቦታ አጣሁ።

ፋሲካ ዕለት፣ ስንፈታ፣ አያ ገብሬና እኔ ያንን ሁሉ ሳምንት ስንሠራው የከረምነውን ፓይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋችን አደረስነው። ተያየን። ሊጡ ጨው የሚባል አልነካውም። አያ ገብሬ ቆባቸውን አወለቁ፤ የአስመራው ቅቤ ጨው ያለበት የጣሳ ቅቤ እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ፈረንጆቹ ለምን ዝም እንዳሉ አላውቅም፤ የዱባውና የማሩ ጣዕም ሸፍኖላቸው ይሆናል። ወደ ሰይድ ሄድኩ።

«ጨው እንደሌለው ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ለምን አትነግረንም?»

«ብነግራችሁ እስቲ ብላችሁ ብትቀምሱትስ? ፆማችሁን የማስገድፍ እኔ ልሁን?»

ሠርጋችን በተቆረጠው ቀን ሆነ። ሰይድ የሙሽራ ልብሴን ሰፋልኝ፤ ለሠርጉ ከሠራነው የተረፈው ፓይ፣ ጨው ያለው፣ ለእሱ ነበር። ዘጠናዎቹ ውስጥ አያ ገብሬ ዓይናቸው ሲደክም አካፋውን አቀበሉኝ፤ ጋጋሪ ሆንኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አማቴ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ የፉርኖ ቤቱን ቅቤ ከእሳቸው በቀር ከማንም አልገዛሁም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ዋጋ ቀንሰውልኝ አያውቁም።

በማሽን ለምታቦኩ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። የፓይ ቅቤ ይቀዝቅዝ፣ ሊጡን አትሹት፣ ጨው ጨምሩ። ሰው አክብራችሁ ከፊቱ የምትሸሹ ከሆነም፣ ለምን እንደምትሸሹ አስቀድማችሁ ላኩበት።