ቀይ አቡጀዲ የለበሰው ዒላማ

ጎረቤቴ በጋ ሲገባ የጥጥ ፍራሿን አውጥታ አጥር ላይ ትሰቅልና በዱላ ትደበድበዋለች። ድፍን ያለ ድምፅ ነው፤ ዱም ይልና እዚያው ፍራሹ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ደህና ሴት ናት፣ ምንም አላጠፋችም፤ እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ የግቢውን በር አያለሁ። ጊንጪ ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ የማትፈራ፣ የምታስፈራ መምህርት አድርገው ነው የሚያውቁኝ። ያ ድምፅ ሲመጣ ግን ጸጉሬ በሁለት የተሠራ ልጅ ሆኜ፣ አምቦ፣ ከኩሽናችን ጀርባ ቆሜ፣ ወንድሜ ቶሎሳ በቀስቱ ጨርቅ የተጠቀጠቀበትን ጆንያ ሲመታ እሰማለሁ።

ቤታችን ከከተማው ጫፍ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባቴ ኦቦ ዲንሳ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በአዘቦት ቀን በረንዳችን ላይ፣ በገበያ ቀን ደግሞ የስፌት መኪናውን አስጭኖ እስከ ጌዶ እየሄደ ይሰፋ ነበር። እማዬ በጓሮ ባለችው መሬት በቆሎ ትዘራ ነበር፤ ያቺ በቆሎ ከሌለች ክረምቱን የምንዘልቀው በመከራ ነው። ጠላታችን ዝንጀሮ ነበር። ዱሮ አባቴ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ ተኩሶበት የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ዝንጀሮዎቹ ግን ይህን ስለማያውቁ ይዞት ብቅ ሲል ይበተኑ ነበር። በኋላ በደርግ ጊዜ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለና አባቴም በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ አስረከበ። ወሬው ለዝንጀሮዎቹ ለመድረስ አንድ ክረምት እንኳ አልፈጀበትም። በጠራራ ፀሐይ ከነልጆቻቸው ወርደው፣ እሸቱን እየላጡ በልተው፣ እማዬ ድንጋይ ስትወረውርባቸው ዞር ብለው እያዩ ያኝኩ ነበር።

የዚያ ዓመት ጥቅምት እማዬ ባዶውን አገዳ እያጨደች ስታለቅስ ቶሎሳ አያት። ቶሎሳ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከአሮጌ መኪና የወለቀ ቀጭን ባሌስትራ በካርቶን ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ብረቱን እየሞረደ፣ እያጎበጠ፣ በዋንዛ እንጨት ላይ አግድም አስሮ፣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጅማት አድርጎለት፣ ከታች ቃታ ሠራለት። ከኋላው ትከሻ ላይ የሚደገፍ ሰደፍ ነበረው። ሲጨርሰው እማዬ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከሩቅ ላየው ሰው ጠመንጃ ነው።

ስለ ፍርሃታችን ላስረዳ። ከእኛ ዝቅ ብሎ የሚኖር አንድ ወጣት፣ ቤቱ ሲፈተሽ ባዶ የሽጉጥ ማኅደር ተገኘበት። ሽጉጥ አልነበረም፣ ማኅደሩ ብቻ ነው። ወሰዱት። እናቱ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ሌላ ምንም አላሏትም፤ እሷም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር ውስጥ ሰው ቢላ እንኳ ሲስል ድምፁን ይቀንስ ነበር። ስለዚህ የቶሎሳ ቀስት ቤታችን ሲገባ የገባው ዝንጀሮ ማባረሪያ ብቻ አልነበረም። እኔ በተለይ የወንድሜን ምሳ በሳህን ቋጥሬ ስሄድ ይታየኝ ነበር።

አባቴ ወዲያው ይሰብረዋል ብሎ ይጠብቅ የነበረው ቶሎሳ ራሱ ነው። አባቴ ግን ቀስቱን አገላብጦ አየ፣ ጓሮውን አየ፣ እማዬን አየ። «ከቤት አይወጣም። መሣሪያ ነው ለሚልህ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ እንዳይታይ። በቆሎው ሲያሽት ሁለት ሦስቱን ትመታለህ፣ ከዚያ ይፈርሳል» አለው። መምታት ደግሞ ያለ ልምምድ አይሆንም፤ ልምምድ ያለ ዒላማ አይሆንም። በጋውን ሙሉ ያስጨነቀን የዒላማው ነገር ነበር።

መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ግንድ አቆመ። ፍላጻው ሲመታው «ኳ» ያለው ድምፅ መንገድ ድረስ ተሰማ፣ የፍላጻው ጫፍም ተቆልምሞ ቀረ። ከዚያ ጆንያ ሙሉ ጭድ ሰቀለ፤ ፍላጻው ጭዱን እንደሌለ ቆጥሮት አልፎ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ሲነድለው ሁላችንም ቤት ገብተን በሩን ዘጋን፣ እስኪመሽም ማን እንደሚመጣ ስንጠብቅ ዋልን። ማንም አልመጣም። ቀጥሎ ከእማዬ እንሰት አንዱን ለምኖ መታ። እንሰት ደግ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ፍላጻውንም ይዞ ያስቀራል፤ ግን ውሃው እየፈሰሰ በሳምንቱ ሙልጭልጭ አለና እማዬ «ዝንጀሮው በቆሎዬን ጨረሰ፣ አንተ ደግሞ እንሰቴን ልትጨርስልኝ ነው?» ብላ አባረረችው።

መላውን ያመጣው አባቴ ነው። ከስፌት የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስ ለሚሞሉ ሰዎች ይሰጥ ነበር፤ በዚያ በጋ መስጠቱን ተወና በጆንያ አጠራቀመ። «እንጨት ይሰብርብሃል፣ ጭድ ያሳልፍብሃል፣ ጨርቅ ግን ይይዝልሃል» እያለ ቁርጥራጩን በብትን ሳይሆን በንብርብር አስገብቶ፣ ቶሎሳን ላዩ ላይ አቁሞ አስረገጠውና አፉን በሲባጎ ሰፋው። ሲመታ ዱም ይላል፣ ከኩሽናው አያልፍም። ለዚያውም የሚተኮሰው ከመንገዱ ማዶ ያለው የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣ ብቻ ነበር። ሞተሩ ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር ቶሎሳ ይወጣል፣ ሲጠፋ ይገባል። እኔ ሞተሩን እያዳመጥኩ፣ ድንገት ቆሞ ዱም የምትለዋ ድምፅ ብቻዋን ሜዳ ላይ እንዳትቀር እሰጋ ነበር።

ታኅሣሥ አልቆ ጥር ሲገባ ጆንያው ፊቱ ተበጣጥሶ ጨርቁ መፍሰስ ጀመረ። ውስጡ ደህና ነው፣ ልብሱ ነው ያስቸገረው። አዲስ ጆንያ ቢያለብሱትም አልበረከተም። ያን ጊዜ አባቴ ጌዶ ነበር። ቶሎሳ ሣጥኑን ሲፈትሽ የመስከረሙን የመፈክር ጨርቅ አገኘ። ይህን ጨርቅ አባቴ ለቀበሌው የአብዮት በዓል ከድርብ ቀይ አቡጀዲ የሰፋው ሲሆን፣ በዓሉ ሲያልፍ የቀበሌው መጋዘን አይጥ ስለሚበዛበት እኛ ዘንድ እንዲቀመጥ ተብሎ ነበር። ፊደሉ በነጭ ቀለም በወፍራሙ ስለተጻፈ ጨርቁ እንደ ቆዳ ደርቋል፤ ቶሎሳ በጣቱ ነካክቶ «እንደዚህ ያለ ነገር አይተረተርም» አለ። እማዬ ጨርቁን ተቀብላ ዘርግታ አየችው። ከዚያ «የስንተኛው ዓመት በዓል እንደሆነ ተጽፎበታል። ያ በዓል አልፏል፣ ማን መልሶ ይሰቅለዋል?» አለች። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርገው ዒላማውን አለበሱት፤ አባቴ እንዳያየውም ከልምምድ በኋላ ከማገዶው ኋላ ይደብቁት ነበር። እውነትም በረከተ። ቶሎሳም ጎበዝ ሆነ።

በልግ ገብቶ ዝናብ ማካፋት በጀመረበት ሰሞን የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ጉርሜሳ በረንዳችን ላይ መጡ። በነቀምት መንገድ ታላቅ እንግዳ ያልፋልና ከተማው እንዲያጌጥ ታዟል። «ኦቦ ዲንሳ፣ ያ የመስከረሙ ጨርቅ ደህና ነው? አቡጀዲ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ታጥቦ በጀርባው ይጻፍበታል። ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ» አሉ። አባቴም ከመኪናው ቀና ሳይል «ሣጥን ውስጥ ነው፣ ምን ይሆናል ብለው ነው» አላቸው። እማዬ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ሊቀመንበሩ ከሄዱ በኋላ «አባ ቶሎሳ፣ ሣጥኑ ውስጥ የለም» አለችው። አባቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን ከዒላማው ላይ ፈትቶ በመስኮቱ ብርሃን ትይዩ ዘረጋው፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ፊቱ ላይ አረፈ። ቶሎሳ ባይችልበት ኖሮ ቀዳዳዎቹ እዚህም እዚያም በሆኑ ነበር፤ ስለቻለበት ግን መሀሉ ላይ ተከማችተዋል፣ መሀሉ ላይ የነበረው ቃል ደግሞ «ለዘላለም» ነው። አይጥ በላው እንዳይባል አይጥ እንዲህ ክብ አድርጎ አይበላም፤ ካውያ አቃጠለው ቢባል ጠርዙ አልጠቆረም፤ ተሰረቀ ቢባል ፍተሻ ይመጣል፣ ፍተሻ ደግሞ ቀስቱን ያገኛል። አብዮቱን በፍላጻ ሲወጋ የከረመ ልጅ ነው የሚሆነው ወንድሜ። ቶሎሳ «እኔ ሄጄ ልናገር» አለ፤ እማዬ ክንዱን አፈፍ አድርጋ ይዛው እስኪመሽ ድረስ አለቀቀችውም።

አባቴ ጨርቁን ጭኑ ላይ አጥፎ «መስከረም ላይ ንፋሱ ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ?» አለ። መስከረም ላይ ንፋሱ ያንኑ ጨርቅ ነፍቶት፣ ገመዱን በጥሶ፣ ሰልፈኛው አናት ላይ ጥሎት ነበር፤ የሰቀለው ሰውዬ ሆን ብለህ ነው ተብሎ ሳምንት ታስሯል። አባቴ መቀሱን አነሣ። የተከማቹትን ቀዳዳዎች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እየቆረጠ አንድ አደረጋቸው፤ ከዚያ በግራም በቀኝም፣ ደህና በነበረው ጨርቅ ላይ፣ ተመሳሳዩን እየቆረጠ በረድፍ አወጣ። መቀሱ ደህናውን ጨርቅ ሲበላ ሳይ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ቁልፍ ቤት ቀመቀመ፤ እኔ ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩለት፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

ጠዋት ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ከያዘ የአብዮት ጥበቃ ጋር መጡ። ጥበቃው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ነበር። አባቴ ጨርቁን ዘርግቶ «የንፋስ መውጫ አበጀሁለት። እንዳለፈው እንግዳ ፊት ወድቆ እንዳያሳፍረን ብዬ ነው» አለ። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየና «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለ። ኦቦ ጉርሜሳ ግን ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው እየዳሰሱ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከታች፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ አባቴ ያላያት አንዲት ቀዳዳ ቀርታ ነበር፤ ያልተቆረጠች፣ ያልተቀመቀመች፣ የፍላጻው ጫፍ እንደበሳት ያለች። ቶሎሳ ከልምምዱ መጀመሪያ የሳታት ሳትሆን አትቀርም። ሊቀመንበሩ ጣታቸውን አስገቡባትና ጣታቸው በወዲያኛው በኩል ሲወጣ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ቶሎሳን አዩት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በቢሮ አማርኛቸው ነበር ሲያወሩ የነበሩት። ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ «ኦቦ ዲንሳ፣ ካናስ ሆዳ» አሉ። ይቺንም ይስፏት ማለታቸው ነው። አባቴ መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ ሰፋት፤ ሊቀመንበሩም እስኪጨርስ ድረስ በጥበቃውና በጨርቁ መሀል ቆመው ስለ ዝናቡ ያወሩ ነበር። ከዚያ ጨርቁን አስጠቅልለው ሄዱ።

ሊታጠብ፣ ሊጻፍበት፣ ሊሰቀል ሄደ። እንግዳው ባለፈበት ቀን ተማሪዎች አስፋልቱ ዳር ተሰለፍን፣ ጨርቁ ከበላያችን ተወጥሮ ነበር። ንፋስ መጣ፤ ጨርቁ አልወደቀም። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየወረደ ፊታችን ላይ ሲንቀሳቀስ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ በእጇ ልትይዘው እየሞከረች ትስቅ ነበር። እኔ እሷ ስለሳቀች እንኳ ፈራሁ።

ቀስቱ ያንኑ ሳምንት ፈረሰ። ባሌስትራው ጋራዥ ተመለሰ፣ ዋንዛው ምድጃ ገባ፤ ዒላማውን አባቴ ጥቁር ሸራ አልብሶ ከመኪናው አጠገብ መቀመጫ አደረገው። በክረምቱ በቆሎውን ዝንጀሮ በላው፣ እማዬም በዚያ ዓመት አንድ ቃል አላማረረችም። ቀበሌው ግን የመፈክር ጨርቅ ሁሉ ከአሁን በኋላ በዚያው ዓይነት ይሰፋ ብሎ ስላዘዘ፣ አባቴ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በየበዓሉ ግማሽ ጨረቃ ሲቆርጥ ኖረ። ኦቦ ጉርሜሳ ስፌት ለማዘዝ ሲመጡ የሚቀመጡት ያቺው ዒላማ ላይ ነበር። ምን ላይ እንደተቀመጡ ያወቁ ይሁን ያላወቁ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ሲሞቱ ለቀብራቸው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ቶሎሳ ነው።

ቶሎሳ ዛሬ ጌዶ የራሱ ጋራዥ አለው፣ የልጅ ልጆቹ ዝንጀሮ የሚያባርሩት በፉጨት ነው። እኔ ከጊንጪ አምቦ ስመላለስ በየመንገዱ የተወጠሩትን ባነሮች አያለሁ። ፕላስቲክ ናቸው፣ በማሽን የታተሙ፣ ንፋስ እንዳይጥላቸው ወጣቶቹ በምላጭ ግማሽ ጨረቃ ይሰነጥቁባቸዋል። አንዱን ማን አስተማራችሁ ብዬ ብጠይቀው ይህ ትምህርት ይፈልጋል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነው፣ አይፈልግም። ጠርዛቸውን የሚቀመቅም የለም፤ ሁሉም ቀዳዳ እንደ ተቀደደ ክፍት ነው፣ ሰውም ከሥሩ ቀና ሳይል ያልፋል። እኔ ግን የተሳፈርኩበት መኪና ከሥራቸው ሲያልፍ ዛሬም እንደ ኦቦ ጉርሜሳ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ።