ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት

አዳማ ውስጥ አንድ ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ የመጣ ሰው ዕድሜ ልኩን አስጎብኚ ይደረጋል። እኔም አልቀረልኝም። ልጇን ልትጠይቅ የምትሄደው፣ ዕቃ ላመጣ ነው የሚለው፣ ሁሉም ልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሞ «አንቺ ሄደሽ የለ? የት ሰፈር ማረፍ ይሻላል?» ይለኛል። ስፌቴን ሳላቆም «የሄድክበት ጉዳይ አጠገብ እረፍ» እላለሁ። «የአገር ሰው ያለበት ሰፈር ይሻላል ይላሉ እኮ» ካለኝ ግን ደሜ ይፈላል። አንድ ሁለቱን ተቆጥቼ አባርሬያለሁ። ምን ያድርጉ፣ የሆንኩትን አያውቁ!

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። እናታችን ወንጂ ላይ ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጢም ካበቀለ በኋላ እንኳ «እትዬ» እያለ ምሳዬን ይሻማኝ ነበር። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሥራ ጓደኛው ከጅቡቲ ደወለልኝ። «እትዬ፣ አይደንግጡ። መኪናው ተገልብጦ ወንድምዎ ትንሽ ተጎድቷል። ሆስፒታል ነው። ቢመጡ ጥሩ ነው።»

«አገናኘኝ» አልኩት።

«ኦክስጅን አድርገውለታል፣ ብዙ ማውራት አይችልም። እርስዎ ብቻ ይምጡ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ማረፊያ እይዝልዎታለሁ።»

እኛ አገር «ትንሽ ተጎድቷል፣ ነይ» የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። እውነቱ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ ነው መርዶ የሚነገረው። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔም «ትንሽ ወገቡን አሞት ነው» ተብዬ ነው ከመተሐራ የተጠራሁት። እና ስልኩን ስዘጋው ወንድሜ ለእኔ ሞቷል። አለቀ።

አልጮህኩም። ያልገባኝ መስዬ ዝም አልኩ፤ ይሄም የወጉ ክፍል ነው። ጎረቤቱም ያልገባው መስሎ ዝም አለኝ። አመሻሽ ላይ የእድራችን ሰብሳቢ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስንት ቤት መርዶ የተናገሩ አዛውንት ናቸው። «ብቻሽን አትሄጂም፣ ልጄ» አሉና ለወንድሜ ጓደኛ ራሳቸው ደወሉለት። ድምፁ እኔ ጋ ይሰማል። «ቶሎ ቢመጡ ጥሩ ነው አባባ፣ መቼ ትመጣለች እያለ ይጠይቀኛል» ይላል።

ጋሼ «ገብቶናል፣ ገብቶናል የኔ ልጅ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቼ ዞር ብለው ቀስ ብለው፣ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያያዙን ያውቅበታል» አሉ። ሰማኋቸው። እኔም በሆዴ፣ አቤት ውሸት ሲያምርበት! አልኩ።

አዳማ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና አይታጣም። ብፈልግ በማግስቱ ጠዋት መሄድ እችል ነበር፤ ዐረብ አገር ልሄድ ብዬ ያወጣሁት ፓስፖርት እጄ ላይ ነው። ግን ለሞተ ሰው ምን ያጣድፋል? ባቡሩ ሐሙስ ነበር፤ ይህንኑ ለወንድሜ ጓደኛ ነግረን ባቡሩን ጠበቅን። እስከዚያው ክርክሩ ሁሉ ስለ ማረፊያ ሆነ። ስለ ወንድሜ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ የት እንደማርፍ ግን ሁሉም ያውቃል። «ሆስፒታሉ አካባቢ ሁሉም ባዳ ነው። ሰው ያለበት ይሻላታል» ተባለ። ከተማው ዳር፣ ሾፌሮቹ መኪናቸውን አቁመው የሚያድሩበት ሰፈር፣ አንዲት የአዳማ ሴት ምግብ ቤት አላት። ጋሼ ደወሉላት። ሴትዮዋ ለልቅሶ ተዘጋጀች፤ ለሾፌሮቹም ነገረች። እነሱ ከእሷ ሰሙ፣ እሷ ከእኛ ሰማች፣ እኛ ግን ከማንም አልሰማንም ነበር።

ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስልኬ እዚያ አልሠራ አለ። ባለታክሲው በተሰባበረ አማርኛ «ወዴት?» አለን። ሁለት ቀን ሙሉ ሲወስኑልኝ የነበሩት ጋሼ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጁ የያዘልሽ ቦታም አለ። እንዴት ይሻልሻል?» አሉኝ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ምርጫው እጄ ላይ ወደቀ። በባዳ አገር፣ በባዶ ክፍል፣ የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር መርዶ ልሰማ? ፈራሁ። «ሰው ወዳለበት እንሂድ» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ሴትዮዋ «አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ» ብላ አቀፈችኝ፤ ቶሎም አልለቀቀችኝ። እቅፏ የልቅሶ እቅፍ ነበር። እራት ቀረበ፤ ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። የጉዞው ድካም ጣለኝና ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ተኛሁ፣ ያውም እንቅልፍ!

በማለዳ ስነሳ ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሾፌሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ መጡ። «ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ መንገዱ አንድ ነው። ወንድምሽ ዐርፏል። እግዜር ያጽናሽ።» የሦስት ቀን ጩኸቴን ለቀቅሁት። ደረቴን ስመታ ሁለት ሴቶች እጄን ያዙኝ። ሰፈር መርጬ የለ? የሚይዘኝ ሰው አላጣሁም።

ረፋዱ ላይ የወንድሜ ጓደኛ መጣ። ዐይኑ ቀልቷል። በሩ ላይ ቆሞ ያለበሱኝን ጥቁር ልብስ አየ፣ የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ግራ ገባው።

«ማን ነገረዎት?» አለኝ።

ሰዉን አልፎ ወደ እኔ ቀረበ።

«አሁን እኮ ነው፣ እትዬ። አራት ሰዓት ላይ። እጁን ይዤው ነበር። ልነግርዎት እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። ማን ቀደመኝ?»

ልቅሶው ቀጥ አለ። የጋሼ ዱላ ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳላቸው አልነበረም። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ እንባ ከየት ላምጣ? ለወንድሜ በሕይወት እያለ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ መርዶ ይናገሩ ሲባሉ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። መንገድ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ይደፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዐይናቸውን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ግን ምን እላቸዋለሁ? ለባለታክሲው የመለስኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ያረፈ ዕለት ከሰዓት ጓደኛው የወንድሜን ሻንጣ ሊሰጠኝ ወደያዘልኝ ማረፊያ ወሰደኝ። ጠባብ ክፍል ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል።

«ማራገቢያ ያለው ይሁን ብሎ ያዘዘኝ እሱ ነው። እትዬ ሙቀት አትችልም አለኝ።»

መስኮቱን ከፈትኩ። የሆስፒታሉ በር እዚያው፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ዘበኛው ሲያዛጋ ሳይቀር ይታየኛል።

«ትናንት ማታ ለምን አልመጣህልኝም?»

«ትቼው እንዴት ልምጣ፣ እትዬ? ማረፊያው ሳይመጡ ሲቀሩ ሾፌሮቹ ሰፈር አርፈው ይሆናል፣ ጠዋት ይመጣሉ ብዬ ነው። እሱም ሲጠብቅ ነበር። ባቡሩ ገብቷል አይደል? አለኝ። ገብቷል አልኩት። ከዚያ ዐይኑን ከበሩ አልነቀለም። ንጋት ላይ ኦክስጅኑን ገለጥ አድርጎ፣ እትዬ የት አደረች? አለኝ።»

«ምን ብለህ መለስክለት?»

መሬት መሬቱን አየ። «እዚሁ ፊት ለፊት ናት፣ ደክሟት ተኝታ ነው፣ አልኩት።»

ከማክሰኞ ጀምሮ የዋሸው ይህችን ብቻ ነው።