ክሬሙ ቅቤ የሆነበት ቅዳሜ

ወይዘሮ ዘርፌ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጃቸው ከቢሩክ ጋር ይኖሩ ነበር። ቢሩክ ሊያገባ ሦስት ወር ሲቀረው በመኪና አደጋ ሞተ። እሳቸው በቀብሩ እንኳ አላለቀሱም። ሰው «ድንጋጤ ነው፤ ኋላ ይወጣላቸዋል» አለ። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ምንም አልወጣላቸውም። ምግብም ሰዓቱ ሲደርስ ይቀምሳሉ እንጂ ራበኝ ብለው አያውቁም።

የቢሩክ እጮኛ ዲና ግን ከቤታቸው አልቀረችም። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከቦሌ ትመጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ወሬው ሻዩ ሳይበርድ ያልቅና ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። አንድ ቀን ዲና ቸኮሌትና ክሬም ገዝታ መጣች።

«እትዬ፣ ዛሬስ እጃችንን እናሠራው» አለች።

ከዚያ ወዲህ የቡናና የቸኮሌት ፓይ መሥራት ልማድ ሆነ። የሚቋረጠው ጾም ሲገባ ብቻ ነው። ዲና ጴንጤ ናት፤ ጾሙ ባይመለከታትም ለእሳቸው ስትል ፍስኩን ጠብቃ ትመጣለች።

የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንደ ወትሮዋ መጣች። ወይዘሮ ዘርፌ ብስኩቱን ወቅጠው፣ በቀለጠ ቅቤ ለውሰው የመጋገሪያው ሳህን ላይ ጠፈጠፉት። ዲና ወተቱን ከእንቁላል አስኳልና ከበቆሎ ስታርች ጋር ምድጃ ላይ እያማሰለች አወፈረችው፤ ቸኮሌቱንና ወፍራም ቡናውን ጨመረችበት። ብስኩቱ ላይ ገልብጠውት ፍሪጅ ገባ። ከረጋ በኋላ የቀረው ክሬሙን መምታት ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ በሚክሰሩ ጀመር እንዳደረጉት መብራት ጠፋ።

«ይኸው እንግዲህ» አሉና የእጅ መምቻውን ከመሳቢያ አወጡ።

ያኔ ነው ዲና የተናገረችው።

«እትዬ፣ ላገባ ነው።»

«እ?»

«ጥር ውስጥ። አሌክስ ይባላል፤ ከቸርች የማውቀው ልጅ ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ…»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ተቀየሙኝ?»

«ለምን እቀየምሻለሁ?»

እውነታቸውን ነው። ቅያሜ ይኖር እንደሆነ ውስጣቸውን ፈተሹ፤ የለም። ደስታም የለም። ክንዳቸው ብቻ ይሄዳል። ሰርጉ የት እንደሚሆን፣ ቬሎ ትገዛ እንደሆነ ወይ ትከራይ ጠየቁ። ዲና መለሰች። እሳቸው ይመታሉ።

«እትዬ፣ ይበቃል… እትዬ! ቅቤ ሆነ እኮ!»

ጎንበስ ብለው አዩ። ክሬሙ ጓል ጓል ሆኖ አሬራው ዙሪያውን አቁሯል። እስከ ዛሬ እንዲህ ሆኖባቸው አያውቅም። ዲና አፏን በእጇ ያዘች፤ ትሳቅ ታልቅስ ለራሷም የገባት አይመስልም። ቀጥሎ ለየላት፤ ሲንኩን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። ወይዘሮ ዘርፌ እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ራሷን ደባበሷት። ፀጉሯ ሞቅ ማለቱን አስተዋሉ። ሌላ የተሰማቸው ነገር የለም።

«በይ ሳህን አምጪ፤ እንዲሁ እንብላው።»

ፓዩን ያለ ክሬም በሉት። ቡናው በርትቶ መረር ብሏል።

«ይመጣሉ አይደል?» አለች ዲና፣ በሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች።

«እመጣለሁ።»

ሄዱም። ቦሌ አዳራሹ በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ «በማን በኩል ነዎት፣ እናቴ?» ስትላቸው «በሙሽራዋ» አሉ። ከዲና እናት አጠገብ አስቀመጧቸው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እሳቸውም ተነሡ፣ አጨበጨቡ። ዲና አጠገባቸው ስትደርስ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች።

«ተይ፣ ቬሎሽ ይቆሽሻል» ብለው ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

ምሳ ሲቀርብ ሳህናቸው ላይ የቀረበላቸውን ሁሉ ጨረሱ። ተነሥተው ደግሞ ጨመሩ። ለካስ ርቧቸው ኖሯል።