የዓይናዲስ አበልጆች

ዓይናዲስን ለማያውቃት ሰው ምን ብዬ ልንገረው? የዛሪማ አገር ልጅ ናት። ረዥም፣ ቀጭን፣ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ። እኔ ስቆጣ ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ እሷ ስትቆጣ ግን ጆሮ አስጠግቶ ነው የሚሰማት። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አብረን ነው የምንሠራው፤ እኔ፣ እንኳየሁ፣ አሮጌዋ ነርስ፣ እሷ ወጣቷ። ጡረታሽ ስለደረሰ ማንንም ሳትፈሪ ነው የምታወሪው ይሉኛል። ድሮስ መች ፈርቼ አውቃለሁ?

ይህች ልጅ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ለጥናቷ ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? ሌላው ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ማነስ ሲያጠና፣ እሷ ጨቅላ የሞተባቸውን እናቶች ሐዘን ላጥና አለች። «አንቺ ልጅ፣ ምነው ጤናም የለሽ! ሰው ቁስል ፈልጎ ይነካካል?» አልኳት።

«ቁስል ሳይነኩ ያጠቡት መቼ ነው፣ እትዬ?» አለችኝ።

ከዚያማ በየሰፈሩና በየገጠሩ እየዞረች እናቶቹን ማነጋገር ሆነ ሥራዋ። መቼም በእኛ አገር ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ፍትሐትም የለውም። ወንዶቹ ጠቅልለው ይወስዱትና ይቀብሩታል፣ እናቲቱን «ዝም በይ፣ እግዜር ይተካልሻል» ይሏታል፣ በቃ። ክፋት አይደለም፤ አራስ ናት፣ ትጎዳለች ብለው ነው። ዓይናዲስ ከእነዚያ እናቶች ዘንድ ስትመለስ እህል አይወርድላትም ነበር። ፒያሳ ይዣት ወጥቼ ማኪያቶ አዝዝላታለሁ፤ እሷ አረፋውን በማንኪያ እያማሰለች፣ «እትዬ፣ ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ አላሳዩኝም ነው የሚሉኝ» ትለኛለች። አንዷ ሴትዮ ልጆቿን ሁሉ ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ አሁንም ሌት ተቀን የምታስበው ያንኑ ያላየችውን ነው አለችኝ። እኔም «ጠጪው፣ ይቀዘቅዛል» እላታለሁ።

አበቡ የመጣችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ከጎንደር ወጣ ካለችው ከትክል ድንጋይ የመጣች ሴት ናት፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። ደም ግፊቷ አሻቅቦ፣ ራሷን ስታ፣ በቃሬዛ አመጧት። በኦፕራሲዮን ያለ ወሯ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እፍኝ የማትሞላ። ልጅቷ እኛ ዘንድ ማሞቂያ ውስጥ ገባች፣ እናቲቱ ምድር ቤት እናቶች ክፍል ተኛች። ነቅታም እንኳ ከአልጋዋ መውረድ አልቻለችም። እናም ልጇን አላየቻትም። ጡቷን በትንሽ ኩባያ እያለበች ትልካለች፣ እኛ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እናደርግላታለን። ዓይናዲስ ባዶውን ኩባያ ልትመልስ በወረደች ቁጥር አበቡ «ጠጣችልኝ?» ትላታለች። «ጠጣች» ሲሏት ፊቷ ፍክት ይላል።

የልጅቷ ሳንባ ግን እንቢ አለ። ሐኪሙ ባሏን ምንይችልንና የባሏን አባት አያ አዳሙን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ቁርጡን ነገራቸው። ከዚህ በኋላ የሚረዳት መርፌ የለም፣ ብንወጋጋት ማሠቃየት ነው፣ ሙቀቷን ጠብቀን ሕመሟን እናስታግስላት አላቸው። ነገን ማየቷን እንጃ አለ።

አያ አዳሙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በሉ እንግዲህ። ለአበቡ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። ሲያልቅ እኔ ይዣት እሄዳለሁ። አበቡ ቤቷ ገብታ፣ ደንደን ስትል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። እስከዚያ ደህና ናት በሏት» አሉ።

ምንይችል መሬት መሬቱን ያያል። መርዶ በወጉ እንደሚነገር መች ጠፋኝ? ግን ያቺ ሴት ልጇ ከተቀበረች በኋላም ወተት እያለበች ልትልክ ነው! እኛስ ምን ልናደርገው ነው፣ ልንደፋው? ልጮህ አፌን ስከፍት ዓይናዲስ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አያ፣ እስቲ እዚህች አረፍ ይበሉ» አለቻቸው፣ በዚያ በቀነሰ ድምጿ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ እሷ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«አታባክኚኝ እቴ» አሉ፤ «እኔ ይህን አውቀዋለሁ። የራሴን ሁለት ልጆች በዚህ በእጄ ቀብሬያለሁ።»

«ማንን ይመስሉ ነበር?» አለቻቸው።

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? ሽማግሌው በቁጣ ይነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሡም። «አላየኋቸውም» አሉ። «ፊታቸውን ሳልገልጥ ነው የወሰድኳቸው። ብገልጥ እግሬ አይራመድልኝም ብዬ። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ ትጠይቀኝ ነበር፤ ማንን ይመስላሉ ትለኛለች። አንቺን እላታለሁ። ውሸቴን ነው፣ አላየሁማ።»

ምንይችል ቀና አለ። «አባ፣ ወንድሞች ነበሩኝ እንዴ?»

አያ አዳሙ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ቆዩና በድንገት ልጃቸው ላይ ደነፉበት፤ «አንተ ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ሂድና ሚስትህን አምጣት እንጂ!»

ያኔ ልስቅ ነው ላለቅስ ነው፣ እኔ ራሴም አላወቅሁት።

አብረን ወረድን። ለአበቡ የነገረቻት ዓይናዲስ ናት፤ ምንይችል አጠገቧ ቆሞ የሚስቱን እጅ ይዟል። «አበቡዬ፣ ልጅሽ በጣም ደክማለች። የምንችለውን አደረግን፤ አትድንልንም። እስካለች ድረስ ታቅፊያታለሽ?» አለቻት። አዙራ አልተናገረችም፣ አላድበሰበሰችም።

አበቡ አልጮኸችም። «ሰው ሁሉ ደህና ናት ይለኛል፣ ፊታችሁ ግን ሌላ ይለኛል። ሳብድ ነው የሰነበትኩት» አለች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ «ውሰዱኝ፣ ቶሎ ውሰዱኝ» አለች።

በተሽከርካሪ ወንበር አወጣናት። ዓይናዲስ ልጅቷን ከማሞቂያው አውጥታ የእናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስተኛቻትና የእናቲቱን ነጠላ ደረበችባት። አበቡ መጀመሪያ ለመንካት ፈራች። በኋላ በአንድ ጣቷ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ያቺን ስንጥር የምታክል ክንዷን ዳሰሰቻት። «ፅዮን» አለቻት። «ከተረገዝሽ ጀምሮ ፅዮን ነሽ እኮ። እናትሽ ነኝ። ሽንኩርት የመሰለች፣ ሸጋ!» ብላ ሳቀች። እውነት ነው፣ ሳቀች። በዚያ ክፍል ስንት ዘመን ሠርቼ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

አያ አዳሙ ከበሩ ላይ፣ «ክርስትናዋስ?» አሉ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሳው፤ ነፍሷ ያሰጋ እንደሆነ ግን ቀን አይቆጠርላትም። ምንይችል በባጃጅ ከነፈና ከሠፈሩ ደብር ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ይዞ መጣ። ቄሱ ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ፣ «ክርስትና እናቷ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርስ ተያየን። ከቤተ ሰቡ ሌላ ሴት አልተከተለችም። እናት ለገዛ ልጇ አትሆንም።

«እኔ ነኝ» አለች ዓይናዲስ።

ጎኗን ጎሰም አድርጌ፣ «አንቺ፣ ጥናትሽስ?» ብላት፣ «እትዬ፣ አሁንስ ዝም በይ» አለችኝ። በሕይወቴ ዝም በይ ብሎኝ እሺ ያልኩት ሰው እሷ ብቻ ናት።

በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ተባለች። ማተቡ ረዘመባትና ዓይናዲስ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችላት። ከዚያ መልሳ ለእናቷ አስታቀፈቻት። አባቷም ታቀፋት፣ አያቷም ታቀፏት፤ አያ አዳሙ መስኮቱ ብርሃን ድረስ ወስደው ትክ ብለው አዩዋት። ከቀትር በኋላ እናቷ ደረት ላይ እንደተኛች ትንፋሿ ቆመ። አበቡ ቀድማ አወቀች። እኛ ማልቀስ ስንጀምር እሷ ገና ታወራላት ነበር።

ስለ ጥናቱ ለሚጠይቀኝ፦ አማካሪዋ ክርስትና ያነሳሽላትን እናት ቃለ መጠይቅ አታደርጊም፣ ዘመድሽ ሆናለች አላት። ዓይናዲስም ልክ ነው ብላ ተወችው። ተመራማሪ ልትሆን ሄዳ አበልጅ ሆና ተመለሰች! እስካሁን በዚህ እተርባታለሁ።

ፅዮን ባረፈች ማግስት ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ትክል ድንጋይ ሄድን። አበቡን ሐኪሙ እያጉረመረመ ነው የለቀቃት። ልጅቷ ክርስትና ተነሥታለችና ፍትሐት ተደረገላት፤ ድንኳን ተጣለ፣ ሰው መጣ። አራስ ቤተ ክርስቲያን አትሄድምና አበቡ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረች፤ እኔና ዓይናዲስ በግራና በቀኟ ተቀመጥን።

ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። አያ አዳሙ ግን አልፈው ወደ ቤት ገቡ። የአካባቢው ሴቶች ደነገጡ፤ በዚያ አገር የቀበረ ሰው ለእናት አይናገርም። እሳቸው ከአበቡ መደብ ሥር፣ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። እጃቸው ገና አፈር ነው።

«ልንገርሽ ወይ?» አሏት።

«ይንገሩኝ፣ አያ።»

«ከወይራው ሥር ነው ያሳረፍኳት። የጠዋት ፀሐይ ያገኛታል። መሬቱ ልል ነው፤ ጠጠሩን በጄ ለቅሜ አወጣሁላት። ነጠላሽን ከሥሯ አነጠፍኩ። ቄሶቹ አልቸኮሉም፣ ሸጋ አድርገው ፈቱላት። ዝናብ ቢመጣ ውሃ አይገባባትም፤ ቦይ ቀደድኩላት።»

አበቡ እያንዳንዱን ቃል ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች። ሲጨርሱ፣ «የርስዎዎቹስ የት ናቸው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ናቸው። ከቁልቋሉ ወዲያ። እኔ እንጂ ሌላ ሰው ቦታውን አያውቀውም። ለእናታቸውም አላሳየሁ።»

«እኔ ስነሣ ያሳዩኛል» አለች አበቡ። «ምንይችልም ይመጣል። የፅዮንን አይተን እነሱም ዘንድ እንሄዳለን፣ አያ።»

አያ አዳሙ እሺ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ያንን ሁሉ ዘመን ያዝ አድርገውት የኖሩት ልቅሶ ወጣ። ጮኸው አለቀሱ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ሳይሸፍኑ፣ ሴት ወንዱ እየሰማ። ምንይችል ከድንኳኑ ሮጦ መጣና አባቱን አቀፈ። አበቡ ከመደቧ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ «ያልቅሱ አባቴ፣ ያልቅሱላቸው» እያለች ጀርባቸውን ታሸት ነበር።