የልጄ ኳስና የእኔ ስለት

ልጄ ኳስ እንድትስት ስጸልይ የከረምኩ አባት ነኝ... አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት።

መሂ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። የካዛንቺስ ቤታችን ሳይፈርስ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የብስክሌት ቸርኬ ግድግዳው ላይ አስመታችላት። እሱ ላይ ስትወረውር አደገች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቡድኑ አምበል ሆነች። እናቷ ያረፈችውም ያኔ ነው። እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

ከዚያ «የውጭ ክለብ አይቷታል፣ ሊወስዳት ነው» የሚል ወሬ መጣ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ቂርቆስ ደጅ ሄድኩ።

«ልጄን እዚሁ አስቀርልኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

በቃ፣ ጨዋታ ባላት ቁጥር ከደጋፊው መሃል እቀመጣለሁ። ሰው «አግቢው!» እያለ ይጮኻል። እኔ በከንፈሬ «ትሳት ጌታዬ፣ ትሳት...» እላለሁ። የጸሎቴን ኃይል ልንገራችሁ? በጸለይኩ ቁጥር ታገባለች! አጠገቤ ያሉት ደግሞ ከንፈሬን እያዩ «አባት ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ።

ፈረመች። ኪጋሊ ሄዳ ፕሮፌሽናል ሆነች።

ስለቱን ረሳሁት... ማለቴ፣ ልረሳው እሞክር ነበር። ዘንድሮ ለእረፍት መጣችና በቂርቆስ ንግሥ ዋዜማ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ይዛ ገባች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የስለትህ ነዋ አባዬ! እትዬ አስካለ ነገሩኝ። ለእኔ ብለህ ስትሳል ሰምተውህ ነበር።»

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው። ጃንጥላውን ሰምተዋል፣ የቀረውን አልሰሙም።

ጃንጥላውን ተቀብዬ ጥግ አስደገፍኩት።

በማግስቱ ወረፋ ያዝን። ስለት ያመጣ ሁሉ የተደረገለትን በማይክ ይናገራል። ከፊታችን ያለችው እናት «ልጅ ሰጠኝ» ብላ እልል አስባለች። መሂ ጃንጥላውን ዘርግታ ይዛልኛለች። ቁመቷ ምኑ ይወራል... ጥላው ሰማይ ላይ ነው፣ ፀሐዩ እኔን ይጠብሰኛል።

ዲያቆኑ ማይኩን ሰጠኝ።

«አባቴ፣ ምን ተደረገልዎ?»

«ልጄ ተሳካላት» ብል ያበቃል፣ እልልታውም ዝግጁ ነው። ግን ያኔ ያልኩትን ሁሉ የሰማው ቂርቆስ እዚያው ፊቴ አለ። የቆምኩት እሱ ደጅ ነው።

«ምንም አልተደረገልኝም» አልኩ።

እልል ሊሉ የተዘጋጁት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጄ እንዳትሄድ ነበር የተሳልኩት። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ። አልተሰማሁም... እንኳንም አልተሰማሁ!»

ዲያቆኑ ማይኩን ይቀበለኝ አይቀበለኝ ግራ ገብቶት ያየኛል። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ መሂን ማየት ፈራሁ። እሷ ናት ጎንበስ ያለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን ትስቃለች።

«አባዬ... በራሳችን ቅርጫት ላይ ስትወረውር ነበራ! እሱንም ስተህ!»

ከኋላችን አንዲት እናት እልልታውን አቀለጡት፣ ሌላው ተከተለ።

ቂርቆስ ራሱ ሕፃን ነው፣ ለልጆች እንደሚያደላ አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ጃንጥላውን ከእጇ ተቀብዬ፣ ላልሰመረው ስለቴ አስገባሁ።