ፊደል የሌለበት የጀርመን ሲኒ

ዛሬ ጓደኛዬ ደስታ ጥንታዊ የጀርመን ሲኒ ከእጄ ወሰደብኝ። አሳልፌ የሰጠሁትም እኔው ነኝ።

አሮጌ ፖርሲሊን እሰበስባለሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ሰፈር ባለችው ስፓዛዬ፣ ያቺ ትንሽ ሱቄ ውስጥ፣ ከሳሙናው በላይ፣ አምስት ሳህን ደርድሬያለሁ። የጎደለኝ ሲኒ ብቻ ነበር።

ጆበርግ እሁድ ገበያ ላይ አንዲት አሮጊት ነጋዴ ሁለት ሲኒ አወጡልን። እኔ የማታ ትምህርት ጨርሼ ሰርተፊኬት የተቀበልኩ ሰው ነኝና ገልብጬ አነበብኩ። አንዱ ሥር በእንግሊዝኛ «ጀርመን የተሠራ» ይላል። ሌላው ሥር ሁለት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎች እንጂ አንድም ፊደል የለም።

«ይሄ ስም እንኳ የለውም» ብዬ ለደስታ አቀበልኩት። እሱም ገዛው፤ እኔ ፊደል ያለበትን ገዛሁ።

ነጋዴዋ ሳቅ አሉ። «የአገር ስም መጻፍ የመጣው በኋላ ነው። የድሮዎቹ ላይ ሰይፉ ብቻ ነበር።»

«ደስትሽ፣ እንቀያየር» አልኩት።

«አንተ ያነበብከውን ያዝ። እኔ የሰይፎቹን ሥዕል ወድጄ ነው፤ የጢም መላጫ ብሩሼን አቆምበታለሁ።»

ትምህርት ባልገባ ኖሮ እኔም ሥዕሉን ነበር የምመርጠው። ይሄ ነው የሚያበግነኝ።

እናንተስ፣ ማወቃችሁ ያሳጣችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ። እንደ ድሮው ሰው ለምኜ አላስነብብም፤ ሁሉንም ራሴ አነበዋለሁ።