መንካት የተከለከለው ብሬል

ላሊበላ ከተማ የአማርኛ መምህር ነኝ። ዓይኔን በልጅነቴ ኩፍኝ ወሰደው፤ የማነበው በጣቶቼ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን የብሬል መጻሕፍት ሲገቡለት ምረቃው ላይ ተጠራሁ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስለ አካታችነት ረዥም ንግግር አደረጉ፤ ከዚያ አጠገቤ ቆመው ፎቶ ተነሡ። «ፈገግ ይበሉ፣ መምህር» ተባልኩ፤ ፈገግ አልኩ። ፎቶው ጥሩ እንደ ወጣ ነግረውኛል።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። መደገፊያ የሌለውን ደረጃ በዘንጌ እየዳበስኩ ፎቅ ወጣሁ። ሠራተኛዋ በአክብሮት ወንበር ሳበችልኝ።

«ብሬል ፈልጌ ነበር፤ አንዱን አውጪልኝ» አልኳት።

«የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። አይነኩም እኮ፣ መምህር። ማስታወቂያም ተለጥፏል» አለችኝ።

«ምን የሚል?»

«'መንካት ክልክል ነው' የሚል። በትልልቁ ነው የተጻፈው፤ ከበሩ ጀምሮ ይታያል!»

ልስቅ ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ ነው። «ከተነካካ ነጠብጣቡ ይጠፋል። እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን?» አለች። ጣቴን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛና ልሙጥ ነበር። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

ቤቴ ገብቼ ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በብሬል። ሁለት ገጽ ሙሉ በመውጊያዬ በእልህ ወጋሁት። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው አስጠሩኝ።

«መምህር፣ ባዶ ወረቀት እኮ ነው የላኩልን።»

መዝገብ ቤት ግን ባዶውን ወረቀት ተቀብሎ ማኅተም መትቶበታል።

«ባዶ አይደለም። ይስጡኝና ላንብብልዎ።»

ማኅተሙ የመሃሉን መስመር ጨፍልቆት ስለ ነበር እሱን በቃሌ ሞላሁት። «የዓይነ ስውራን መጻሕፍት ለሚያዩ ሰዎች ማሳያ ሆነው ተቆልፈዋል፤ ለእኛም ይነበቡ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ኃላፊው ሳሉ።

«ማን ነው የቆለፈው?» አሉ ቆጣ ብለው።

«እርስዎ ነዎት፤ በምረቃው ዕለት፣ በጭብጨባ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። መጀመሪያ ያወጣሁት የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። ሁለተኛውም ሒሳብ፣ ሦስተኛውም ያው ሒሳብ። ቢሆንም ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሠራተኛዋ ከኋላዬ ቆማ ቆየችና «እስቲ እኔም ልሞክር» አለች። ጣቷን ገጹ ላይ አኖርኩላት።

«ምንም አይታየኝም!»

«ገና ነሽ» አልኳት። አሁን አራት ፊደል ይዛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከተራራው ከአሸተን ማርያም አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ እየተመሩ ይወርዳሉ። የዜማው ትምህርት በሙሉ በቃላቸው ነው፤ ብሬል ግን ከእኔ ጋር የጀመሩት ገና አሁን ነው። አንድ ቅዳሜ የማባዛቱን ገጽ በብዙ ጭንቅ ጨረሱና ተነፈሱ።

«ሰባት ጊዜ ስምንትን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሁላችንም ቀድመው ተገኙ።